ጉርሻ የማይቀበል አገር

ዛሬ የምናወራው ስለ ጉርሻ ነው። የእንጀራውን ሳይሆን፣ ለአስተናጋጅ ትተንለት ስለምንሄደው ጉርሻ።

እንግዲህ አንድ አገር ጎብኚ ጃፓን ሄደ እንበል። ቶኪዮ ውስጥ ራመን በላ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ከዚያም ጥቂት ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። አስተናጋጇ ከኋላው እየሮጠች ደረሰችበት። ገንዘቡን ረስቶት የሄደ መስሏታል! ጃፓን ውስጥ ጥሩ መስተንግዶ የሥራው አካል ነው። ስለዚህ ጉርሻ አልተለመደም።

ነገሩ ልክ እንደ እኛው የእጅ ጉርሻ ነው። አክስታችን ስታጎርሰን አፋችንን እንከፍታለን። እምቢ ካልናት እኮ ትቀየማለች! ያንኑ ጉርሻ ልማዱን ለማያውቅ የውጭ እንግዳ ብንዘረጋለት ግን ደንግጦ ወደ ኋላ ይላል። እጁ ያው፣ ፍቅሩም ያው። ገበታው ነው የተለየው።

ታዲያ ጉርሻ የትም አያስፈልግም ማለት ነው? ኧረ በፍጹም! አሜሪካ በብዙ ግዛቶች የአስተናጋጅ መነሻ ደመወዝ ዝቅ ያለው ጉርሻ ይጨመርበታል ተብሎ ነው። እዚያ ከሒሳቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል፤ ሳይሰጡ መውጣት ነውር ነው። ፈረንሳይ ደግሞ የመስተንግዶው ዋጋ አስቀድሞ ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል።

እናም አድማጮቻችን፣ ሻንጣ ስታዘጋጁ አገሩን የሚያውቅ ሰው ስለ ጉርሻ ጠይቁ። ጃፓን ከሆነ መንገዳችሁ፣ በልታችሁ ስትወጡ «ጎቺሶሳማ ዴሽታ» በሉ። የምግብ ምስጋናቸው ይህ ነው።