ስለ ጥንት ሮማውያን የዱር አማልክትና በአገራችን ስለሚከበሩ ዛፎች
(በሐዋሳ ከተማ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ)



ስለ ጥንት ሮማውያን የዱር አማልክት የምነግራችሁ ያን እምነት ለማወደስ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ዱራቸውን በምን እንደ ጠበቁ፥ ጥበቃውም በየት በኩል እንደ ላላ ማወቅ፥ በዚህ አገር ስለ ቀሩት ዛፎች ለሚያስብ ሰው ስለሚጠቅም ነው።

ሮማውያን ከከተማው ታላላቅ አማልክት ሌላ የገጠር አማልክት ነበሯቸው። ፋውኑስ የእረኞችና የከብቶች ጠባቂ ነበረ። ሲልዋኑስ ግን ስሙ ዱር ከሚለው ቃላቸው የወጣ ሲሆን፥ ደኑንና የእርሻውን ወሰን ይጠብቃል ይሉት ነበር። መንግሥት በዓል አላቆመለትም፤ አክባሪዎቹ ተራ ሰዎች ነበሩ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ149 ዓመት የሞተው ካቶ፥ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ የተቀደሰ ዱር ማሳሳት የሚፈልግ ሰው የሚያደርገውን ያስተምራል። ሰውየው አሳማ ይሠዋል፤ የዱሩ ባለቤት ወንድ ይሁን ሴት ስለማያውቅ ሁለቱንም ጠርቶ ይለምናል፤ ከዚያ በኋላ መጥረቢያውን ያነሣል። ይህን ልብ አድርጉት። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበረ፤ ዳሩ ግን ዋጋ ተቆረጠለት፤ ዋጋውም አንድ አሳማ ነው። እንግዲህ አሳማ ያለው ሰው ይቆርጣል ማለት ነው።

የሲዳማ ነገር ሌላ መልክ አለው። ሲዳማ ማጋኖ ብሎ የሚጠራው የሰማዩን አምላክ ነው፤ በወንሾ ያለው የተከበረ ደን ግን አቦ የተባለው አባት የሚታሰብበት ስፍራ ነው። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው የፍቼ ጨምበላላን ቀን ሲያስታውቁ ሕዝቡ በአደባባይ ይሰበሰባል፤ በዚህ በሐዋሳም ስፍራው ጉዱማሌ ነው። የጎሣ መሪዎችም ሥራ እንዲተጋ፥ ሽማግሌ እንዲከበር፥ ማንም በሐሰት እንዳይመሰክር፥ እንዳይሰርቅ፥ አገር በቀል ዛፍም እንዳይቆርጥ ይመክራሉ። ዛፍ መቁረጥ ከስርቆትና ከሐሰት ምስክርነት ጋር መቆጠሩን አስተውሉ! በዚህ ምክር ውስጥ የአሳማ ዋጋ የለም። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ የተከበሩ ደኖች ያሉበት የጎረቤታችን የጌዴኦ ምድርም በ2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል።

ነገር ግን ምክር የሚኖረው ተናጋሪና ሰሚ ሲኖረው ነው። ባሕር ዛፍ ብቻ እያየ ላደገ ልጅ፥ አገር በቀል የሚለው ቃል ባዶ ድምፅ ነው። የቀድሞውን ሥርዓት የተወ ሰውም ዛፉን ማክበር ጣዖት ማምለክ ይመስለው ይሆናል። ለዛፍ መስገድና ዛፍን አለመቁረጥ ግን ልዩ ልዩ ነገር ነው፤ በጎጃምና በጎንደር ጥንታዊው ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው።

ስለዚህ መምህራን፥ ልጆቹን በሰፈራችሁ ወዳሉት አዛውንት ላኳቸው። ዝግባ በሲዳምኛ ዳጉቾ ይባላል፤ የሌሎቹንም ዛፎች ስም፥ የቆሙበትን ስፍራና በጥላቸው የተዳኘውን ነገር ጠይቀው በደብተር ይጻፉ። አባቶችም ልጁ ሲመጣ የቆመውን ዛፍ ብቻ ሳይሆን፥ የተቆረጠው የነበረበትን ስፍራ ጭምር አሳዩት፤ ማን እንደ ቆረጠውና ስለ ምን እንደ ቆረጠውም ንገሩት።