የፕሮስቴት መጠን በአልትራሳውንድ፦ ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

በሲያትል ሴንትራል ዲስትሪክት ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር

 

የተሰጠኝ ርእስ «የፕሮስቴት ማደግና ሕክምናው» ነው። ሕክምናው ላይ እንደርሳለን። አስቀድሜ ግን የሥራ ዘመኔን ሙሉ ስጨቃጨቅበት የኖርኩትን ጉዳይ ላንሣ፦ ያ የአልትራሳውንድ ወረቀታችሁ ላይ የሚጻፈው የፕሮስቴት መጠን ቁጥር ከየት ይመጣል?

በቅርቡ አንድ የታክሲ ሹፌር ወንድማችን ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። አገር ቤት ሄዶ በነበረ ጊዜ አዲስ አበባ የተነሣው 47 ሲሲ ይላል፤ ከሁለት ወር በኋላ እዚህ የተነሣው 57። «በሁለት ወር 10 ከጨመረ ለፋሲካ ስንት ሊሆን ነው?» አለኝ። እንቅልፍ አጥቷል፤ ባለቤቱም አብራ አጥታለች።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አልትራሳውንድ ሚዛን አይደለም። ባለሙያው ምስሉን ያቆምና ሦስት መስመር ይስባል፦ ከግራ ወደ ቀኝ ስፋቱን፣ ከፊት ወደ ኋላ ውፍረቱን፣ ከላይ ወደ ታች ርዝመቱን። ማሽኑ ሦስቱን እርስ በርስ ያባዛና ውጤቱን እንደገና በ0.52 ያባዛዋል። ይህች 0.52 ፓይ ለ6 ሲካፈል የምትገኝ ናት፤ ፕሮስቴቱ የእንቁላል ቅርጽ አለው ከሚል ግምት የመጣች። የሹፌሩ ፕሮስቴት ስፋት በሁለቱም ወረቀት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም በሁለቱም 4 ነው። ርዝመቱ ግን አዲስ አበባ 4.5፣ እዚህ 5.5 ተብሏል። ስልካችሁን አውጡና አባዙት፤ አንዱ 46.8፣ ሌላው 57.2 ይመጣል። ሰውየውን ሁለት ሳምንት ያላስተኛው አንዲት ሴንቲ ሜትር ናት።

ለምን ርዝመቱ ላይ? በሆድ በኩል ስናይ የፕሮስቴቱ የታችኛው ጫፍ ከፊቱ ባለው የዳሌ አጥንት ጥላ ውስጥ ይገባል፤ የአልትራሳውንዱ ድምፅ አጥንቱን አያልፍም። የላይኛው ጫፍም ከፊኛው አንገት ጋር ይቀላቀላል፤ ፕሮስቴቱ ወደ ፊኛው ውስጥ ብቅ ያለ እንደሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ባለሙያው ጫፉን የሚያየውን ያህል ይገምተዋል። ስፋት ላይ ባለሙያ ከባለሙያ ብዙም አንለያይም፤ ርዝመት ላይ ግን እኔም ከራሴ እለያያለሁ። በሦስቱም መስመር 10 ከመቶ ብናበልጥ ስሕተቱ 10 ከመቶ ሆኖ አይቀርም፤ ተባዝቶ 33 ከመቶ ይደርሳል። የ40 ሲሲ ፕሮስቴት 53 ሆኖ ይጻፋል።

ከምርመራው በፊት የሚጠጣው የውሃ ነገርም አለ። ፊኛው ባዶ ከሆነ የምናይበት መስኮት የለንም፤ ከልክ በላይ ከሞላም ፕሮስቴቱን ተጭኖ ቅርጹን ያዛባዋል። «ጠጣ» ተብሎ ሦስት ጠርሙስ ጨርሶ፣ እግሩን አቆላልፎ ኮሪደር ላይ የሚወዛወዝ ስንት አባት አይቻለሁ! ትስቃላችሁ፤ ሽንት እምቢ ላለው ሰው ግን ይህ ሥቃይ ነው። መጠነኛ ሙሌት ይበቃል።

በፊንጢጣ በኩል የሚደረገው ምርመራ ጫፎቹን በተሻለ ያሳያል። የእኛ ሰው እንደማይወደው አውቃለሁ፤ እዚያ ጥግ ያላችሁት ፊታችሁን አታዙሩ። ጃፓናዊው ሂሮኪ ዋታናቤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህን ዘዴ ለሕክምና ሥራ ሲያበቃ ታካሚው መሐሉ ላይ መመርመሪያ በተተከለበት ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ወንበሩ ቀርቷል፤ ከዚያ የወረስነው አሠራር ግን በአልትራሳውንድ ከሚደረጉት እስካሁን ከሁሉ የታመነው ነው፦ ፕሮስቴቱን በየ5 ሚሊ ሜትሩ እየቆራረጡ ማንሣት፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ የገጽ ስፋት ለክቶ በ5 ሚሊ ሜትሩ ማባዛትና መደመር። የእንቁላል ግምት አያስፈልገውም። ጊዜ ስለሚበላ ግን በየክሊኒኩ ሦስቱ መስመሮች ነገሡ።

  

«ቁጥሩ ቢሳሳትስ ምን ይጎዳል?» ለሚል አንድ ሒሳብ ልስጥ። ፒ.ኤስ.ኤ የተባለው የሹፌራችን የደም ምርመራ ውጤት 8 ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ለፕሮስቴቱ መጠን ያካፍለዋል። ለ47 ሲካፈል 0.17፣ ለ57 ሲካፈል 0.14 ነው። ብዙ ሐኪሞች ካንሰር እንዳለ ለማጣራት ናሙና ይወሰድ ወይስ ይቆይ ሲሉ የሚያዩት መስመር 0.15 ነው። ያቺው አንድ ሴንቲ ሜትር መርፌ ልታስወጋ ወይም ልታስቀር ትችላለች። ፊናስተራይድም አለ፤ በወራት ውስጥ ፕሮስቴቱን ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያህል የሚያሳንስ መድኃኒት ነው። ስንለካ የምንሳሳተውም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ለውጥ ለማየት በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ቢቻል በአንድ እጅ ይለካ። አጠቃላይ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ ሦስቱ መስመሮችና በየት በኩል እንደታየ ይጻፍላችሁ።

እንግዲህ ሕክምናው፤ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የመጠኑ ትልቅነትና የሕመሙ ብርታት አብረው አይሄዱም፤ በ30 ሲሲ ሌሊቱን ሙሉ የሚነሣ አለ፣ በ90 ደህና የሚተኛ አለ። ታምሱሎሲን የተባለው መድኃኒት የሽንቱን መንገድ ያላላል፣ መጠኑን አይነካም። ፊናስተራይድ ከ30 ሲሲ በላይ ለሆነው ይሻላል። በውሃ እንፋሎት የሚደረገው ሕክምና መጀመሪያ የተፈተነው ከ30 እስከ 80 ሲሲ ባሉት ላይ ነው፤ በጣም ትልቅ ለሆነው ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና አለ። የፕሮስቴት ካንሰር ከዚህ ማደግ የተለየ ሌላ በሽታ ነው። ጥቁር ወንዶች ስለ ፒ.ኤስ.ኤ ምርመራ ከ40 እስከ 45 ዓመታቸው ከሐኪም ጋር መነጋገር እንዲጀምሩ የአሜሪካ ዩሮሎጂስቶች ማኅበር ይመክራል። መደበኛ ሐኪም የሌላችሁ፣ ብላክ ፓንተሮች ከጀመሩት ነጻ ክሊኒክ የተወለደው ካሮሊን ዳውንስ የተባለው የጤና ማዕከል እዚሁ የስለር መንገድ ላይ አለላችሁ። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ከሻይ በኋላ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ካልኩሌተር ይዣለሁ።