ቁልፉ የማን ጉዳይ ነው?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲና የጭነት መኪና የምታሽከረክሩ ወገኖቼ፤

«አሁን መጣሁ» ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ሱቅ ገባ ያላለ ከመካከላችን ስንቱ ይሆን? መኪናው የእኔ ነው፣ ቢሰረቅም የምከስረው እኔ ነኝ፤ ታዲያ ሕግ ምን አገባው? እንላለን። ዛሬ የምሞግተው ይህንን አባባል ነው።

በዚህችው ከተማ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የጋራዡ ሠራተኛ ያስገባዋል ብሎ፣ መኪናውን ቁልፉ እንደተሰካ ደጅ ትቶት ሄደ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ነዳው፤ ሰውም ገጨ። ተጎጂው የከሰሰው ባለመኪናውን ነበር። የገጨው ሌባው ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ለምን ይጠየቃል? የክርክሩ ጭብጥ ይህ ነበር።

የከተማዋ ደንብ፣ ጠባቂ የሌለው መኪና ሳይቆለፍ እንዳይተው ያዝዛል። የይግባኙ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ዳኛ ሄንሪ ኤጀርተን በጻፉት ውሳኔ፣ በ1916 የተያዘውን ተቃራኒ አቋም ሽሮ ለተጎጂው ፈረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ደንቡ የወጣው ለመንገደኛው ደኅንነት እንጂ ለባለመኪናው ንብረት አይደለም። ሌባው በመካከል መግባቱ ባለመኪናውን ነጻ አያወጣም፤ ቆልፉ የተባለው እንዲህ ያለ ሰው እንዳይነዳው ነበርና።

ወንዙን ተሻግረን የቨርጂኒያን ሕግ እንይ። መኪናውን መንገድ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ሞተሩን ያጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የፊት ጎማዎቹንም ወደ መንገዱ ጠርዝ ያዙር ይላል። ጎማ ማዞር ሌባን አያግድም። ቁልቁለት ላይ የተንሸራተተ መኪና ግን ጠርዙ ይይዘዋል፤ እግረኛውም ይተርፋል።

ክረምቱ በሚበረታባት በኮሎራዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕጉ ተሻሽሎ፣ መኪናን በሪሞት አስነሥቶ ማሞቅ ተፈቀደ። በሪሞት የተነሣን መኪና ያለ ቁልፍ ልንዳህ ቢሉት አይሄድምና። ከዚህ የምንረዳው ሕጉ ከሚሠራው ሞተር ጋር ጠብ እንደሌለው ነው፤ የሚያሳስበው ማንም ገብቶ ሊነዳው መቻሉ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የምታደርሱት ዕቃ ቢቸኩልም፣ ብርዱ ቢጠናም፣ «አሁን መጣሁ» ስትሉ ቁልፉ በእጃችሁ ይሁን።