ኮምፒዩተር ያለንበትን ሰዓት ከየት ያውቃል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ይኸውም አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራበት መሣሪያ በየትኛው የሰዓት ክልል እንዳለ እንዴት እንደሚያውቅ ነው። ነገር ግን ትንሽ የሚመስል ነገር ትልቅ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል በቤታችን አይቼዋለሁና አስቀድሜ ያንኑ ልንገራችሁ።

ታላቅ እኅቴ በውጭ አገር በነጻ ለመማር አመልክታ ነበር። ማመልከቻዋ ታይቶ በኢንተርኔት ፊት ለፊት እየተያዩ ለሚደረግ ቃለ መጠይቅ ተጠራች። ወሩ ጥር ነበር። በቤታችን ኮምፒዩተር ስላልነበረን ወደ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ የቀጠሮውን ገጽ ከፈተች፤ ገጹም ከቀትር በፊት 9፡00 ይላል። ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ታውቃለችና፣ በእኛ ከጧቱ 3 ሰዓት ነው ብላ በወረቀት ጻፈች። በቀኑም ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከሰዓቱ ቀድማ በዚያው ቤት ተገኘች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የሚጠራት የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቃ፣ ተስፋ ቆርጣ ወደ ቤት ተመለሰች። ከሦስት ቀን በኋላ በመጣው ደብዳቤ ግን በቀጠሮዋ ያልተገኘች እርሷ እንደ ሆነች ተነገራት። ለካስ ቀጠሮው በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ኖሯል! እናቴ ያን ዕለት ማታ እራት አልበላችም።

ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው? እኅቴ ናትን? አይደለችም፤ የተጻፈውን በትክክል አንብባለች። ገጹን ያዘጋጁት ሰዎች ናቸውን? እነርሱም ፕሮግራማቸው መሣሪያውን ጠይቆ የተነገረውን ነው የጻፈው። ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር ጊዜን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች። በ1884 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው በእንግሊዝ አገር በግሪኒች የሚያልፈው መስመር የኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን ተስማሙ። የየአገሩ ሰዓት ዛሬ ከዚያ ይህን ያህል ይቀድማል፣ ይህን ያህል ይዘገያል እየተባለ ይነገራል። የኢትዮጵያ ሰዓት ሦስት ሰዓት ይቀድማል።

ኮምፒዩተርም በውስጡ ሁለት ነገር ለይቶ ይይዛል። አንደኛው የጊዜው ቍጥር ነው፤ ብዙዎቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በግሪኒች ሰዓት ይቈጥራሉ። ሁለተኛው የሰዓት ክልሉ ስም ነው። ፕሮግራሙ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚከተለው ይህን ስም ነው፤ ስለዚህ ነባሪ የሰዓት ክልል ይባላል። በማያው ጥግ የምናየው ሰዓት እነዚህ ሁለቱ ተደምረው የሚገኝ ውጤት ነው።

እኔም ከደብዳቤው በኋላ ወደዚያ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በባለቤቱ ፈቃድ የመሣሪያውን ቅንብር ከፍቼ አየሁ። የሰዓት ክልሉ ኒውዮርክ ይላል! አንድ ሰው ሰዓቱ ከእኛ ጋር አለመስማማቱን አይቶ፣ ክልሉን በመለወጥ ፈንታ ቍጥሩን በእጁ አስተካክሎ ነበር። ስለዚህ በጥጉ ያለው ሰዓት ከእጃችን ሰዓት ጋር ይስማማል፤ ማንም አይጠራጠርም። የቀጠሮው ገጽ ግን በግሪኒች 14፡00 የሚለውን ተቀብሎ፣ ለኒውዮርክ ክረምት አምስት ቀንሶ 9፡00 ብሎ ጻፈ። ለእኛ ሦስት ቢጨምር ኖሮ 17፡00፣ ማለት 11 ሰዓት በሆነ ነበር። ሰዓቱ እውነት ይመስል ነበር፤ ክልሉ ግን ሐሰት ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ከእኛ መካከል ነገ ፕሮግራም የሚጽፉ ይኖራሉና ሌሎችንም ወጥመዶች ባጭሩ ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ወጥመድ የሰዓቱን ልዩነት ብቻ መጠየቅ ነው። በጃቫስክሪፕት ቋንቋ መሣሪያውን ልዩነቱን ቢጠይቁት፣ በአዲስ አበባ ሲቀነስ 180 ደቂቃ ብሎ ይመልሳል፤ ምልክቱ እንኳ የተገለበጠ ነው። ደግሞም ሦስት ሰዓት የሚቀድሙ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ናይሮቢና ሪያድ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሞስኮ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ኢስታንቡል። ኢየሩሳሌም በበጋዋ ሦስት፣ በክረምቷ ሁለት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በጁላይ ወር በኢየሩሳሌም ላለ ዘመዱ የሚደውል ሰው ሰዓቱ አንድ ይሆንለታል፤ በጃንዋሪ ግን የአንድ ሰዓት ልዩነት ያገኛል። በጁላይ የሰማውን ልዩነት ብቻ ይዞ የሚቀር ፕሮግራም በጃንዋሪ ይሳሳታል። መጠየቅ ያለበት ልዩነቱን ሳይሆን የክልሉን ስም ነው።

ስሞቹ የሚገኙት አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ በጀመረው፣ ዛሬም ብዙ መሣሪያዎች በሚጠቀሙበት የዓለም የሰዓት ክልሎች መዝገብ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ክልል በአህጉርና በከተማ ይጠራል። የእኛ ስም አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ነው፤ በዛሬው መዝገብ ግን ይህ ስም ወደ ናይሮቢ የሚመራ መጠሪያ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የራሱ ስሞች አሉት፤ በዝርዝሩም የእኛን ክልል የምናገኘው በናይሮቢ ስም ነው። በመሣሪያችሁ ላይ ናይሮቢ የሚል ብታዩ አትደንግጡ፤ ልዩነቱ ያው ሦስት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ማን እንደሚጠየቅ አለመለየት ነው። ፕሮግራሙ በሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ ነባሪ ክልልህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰርቨሩ ነው እንጂ ተጠቃሚው አይደለም። ብዙ ሰርቨሮችም በግሪኒች ሰዓት የተቀመጡ ናቸው። የሰውየውን ክልል የሚያውቀው በእጁ ያለው መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ የእኛ የራሳችን ነው። ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን መቍጠራችን የአቆጣጠር ልማድ እንጂ የሰዓት ክልል አይደለም። አንድ ሰው የእኛን አቆጣጠር በስልኩ ለማየት ብሎ ስድስት ሰዓት የሚያጐድል ሌላ ክልል፣ ለምሳሌ ቡዌኖስ አይረስን ቢመርጥ፣ ቍጥሩ ደስ ያሰኘው ይሆናል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚመጣለት ቀጠሮ ሁሉ በስልኩ ላይ በዚያ አገር ሰዓት ይታያል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድን ነው? ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የመሣሪያውን ነባሪ ክልል ይጠይቅ፤ መልሱን ግን እንደ ምስክር ይቀበለው እንጂ እንደ ዳኛ አይቀበለው። መሣሪያው የሚናገረው እንዴት እንደ ተቀመጠ ነው፤ ሰውየው የት እንዳለ አይደለም። ስለዚህ ያገኘውን ስም በግልጥ ጽፎ፣ «ያሉት በዚህ ክልል ነውን?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቅ። ከ9፡00 አጠገብ ኒውዮርክ የሚል አንድ ቃል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ እኅቴ በዚያው ቅጽበት ትጠይቅ ነበር። ለእኛ አገር ሰው የሚጽፍ ደግሞ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢያኖር ሥራው የተመሰገነ ይሆናል።

መሣሪያ የሚጠቀም ሰውም ሰዓቱ የተሳሳተ ሆኖ ቢያገኘው፣ ቍጥሩን ከመንካቱ በፊት ክልሉን ይመልከት። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የግማሽ ደቂቃ ጥንቃቄ የዓመት ድካም ያድናል።

ወላጆቻችን ሆይ! ዛሬ ልጆቻችሁ ለፈተናም፣ ለሥራም፣ ለትምህርትም የሚጠሩት በዚህ ዓይነት ገጽ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ «በየት አገር ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ይህን ለመጠየቅ የኮምፒዩተር ዕውቀት አያስፈልግም።

እኅቴ በዚህ ዓመት እንደ ገና አመልክታለች። ቀጠሮዋ ሲመጣ ሰዓቱን በግሪኒች፣ በፈረንጆችና በእኛ አቆጣጠር በሦስት መስመር ጽፋ በግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። እናቴ ማንበብ ባትችልም በየጧቱ ወረቀቱን ታየዋለች። እኔም የኢንተርኔት ቤቱን ኮምፒዩተሮች ክልል አንድ በአንድ እንዳስተካክል ባለቤቱ ፈቅዶልኝ ፈጽሜያለሁ፤ ስምንት ነበሩ፤ ከነርሱም ሦስቱ ኒውዮርክ ላይ ነበሩ።

 ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ እመኛለሁ።