ለመንገድ ሐቁን እንስጠው
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ እንጂ የዲን ጉዳይ ላይመስላችሁ ይችላል። የምንነጋገረው በከተሞቻችን ውስጥ፣ በመኖሪያ ሰፈሮቻችን መካከል በፍጥነት ስለሚነዱ ተሽከርካሪዎች ነው። የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ሁሉ ግን የዲን ጉዳይ መሆኑን ወደ ኋላ ላይ አብረን እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

የዐረፋ በዓል ሲቃረብ በአዲስ አበባ የሚኖረው የጉራጌና የስልጤ ሙስሊም ልቡ አገር ቤት ነው። አንዱ በወሊሶ በኩል ወደ ወልቂጤ፣ ሌላው በቲያና በቡኢ በኩል ወደ ቡታጅራ ይጓዛል። መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ መኪናው ሁሉ ሞልቶ ይወጣል። እኛም በየዓመቱ ከእነዚሁ መንገደኞች መካከል ነን። አንድ ዓመት በዋዜማው ዘግይተን ተነሳንና ሹፌሩን «ንዳው እንጂ ወንድሜ፣ ሳይመሽ እንግባ» እያልን እንጎተጉተው ነበር። እርሱም ነዳው። በአንዲት ትንሽ ከተማ መሐል ስናልፍ አንድ ልጅ ለዑድሒያ የተገዛ በግ በገመድ እየጎተተ አስፋልቱን ሊሻገር ገባ። በጉ አልሄድም አለ፤ ልጁም ገመዱን አልለቅም አለ። ፍሬኑ ጮኸ፤ መኪናው ከልጁ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ሁላችንም አልሐምዱሊላህ አልን። አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ሆነው «ልጄ፣ እባክህ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። ሹፌሩ ግን ገና ከከተማዋ ሳይወጣ የቀድሞ ፍጥነቱን መለሰው። እኛም ዝም አልን። ዛሬ የምንናገረው ስለዚያ ዝምታችን ነው።

ውድ አድማጮች፣ በዚያው በዐረፋ ቀን፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሑጃጆች ከዐረፋት ወደ ሙዝደሊፋ ይጓዛሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ጉዞ ሲያደርጉ ከኋላቸው ጩኸትና ግመል የመምታት ድምፅ ሰሙ። በአለንጋቸው እያመለከቱም ሰዎቹ እርጋታን እንዲይዙ፣ መልካም ሥራ በመጣደፍ እንዳልሆነ ነገሯቸው። ይህን ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ዘግበውት በቡኻሪ ሰፍሮ ይገኛል። ኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ) ደግሞ በዚያው ጉዞ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመላቸውን በመጠነኛ ርምጃ ይነዱ እንደነበር፣ ሰፊና ክፍት ቦታ ሲያገኙ ግን ፈጠን ያደርጉ እንደነበር ነግረውናል።

እስቲ ይህን እናስተውለው። ፈጥኖ መሄድ በራሱ አልተወገዘም። ቦታው ክፍት ሲሆን ይፈጠናል፤ ሰው ባለበት ቦታ ግን ይረጋል። የፍጥነቱን ልክ የሚወስነው የነጂው ችኮላ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ነው። ይህ ትምህርት የተሰጠው ለግመል ነጂዎች፣ ያውም ለዒባዳ በሚጣደፉ ሰዎች መካከል ነው። ለዒባዳ መጣደፍ ሰውን የሚገፋ ከሆነ ያልተወደደ ከሆነ፣ ለአንድ ተጨማሪ ምልልስ ብሎ ሰፈር ውስጥ መብረር እንዴት ይወደዳል?

እዚህ ላይ «መንገደኛ ጉዳዩን ከጨረሰ ወደ ቤተሰቡ ይቻኮል ተብሏል እኮ» የሚል ወንድም ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ በሐዲስ መጥቷል። መቻኮል ማለት ግን ያለ ጉዳይ በመንገድ አለመዘግየት ነው። ወደ ራስ ቤተሰብ ለመድረስ የሌላውን ቤተሰብ ልጅ መግጨት ማለት አይደለም።

የእኛ አገር ሰው ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በጉራጌ መንደር ከቤቶቹ ፊት ለፊት ሰፊው፣ ለምለሙ ጀፎረ አለ። ጀፎረ መንገድ ነው፤ ግን መንገድ ብቻ አይደለም። ልጅ ይቦርቅበታል፣ ከብት ያልፍበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል፣ ለቀስተኛ ይሰበሰብበታል። ማንም አጥሩን ወደ ጀፎረ እንዳይገፋ በባህላዊው ሥርዓት ተከብሮ የኖረ የጋራ ቦታ ነው። አባቶቻችን ከደጃፋቸው ያለው መንገድ የአላፊው ብቻ ሳይሆን የነዋሪውም ሐቅ እንዳለበት ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄደው ዋና መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል በሆነችው ቡታጅራም ወደ ሆሳዕና የሚወስደው አስፋልት እንዲሁ በከተማዋ ውስጥ ያልፋል። ከባድ መኪናው፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሱና ጫት የጫነው አይሱዙ፣ ከባጃጁ፣ ከሞተሩ፣ ከጋሪውና ከእግረኛው ጋር በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋል። ከገጠሩ መንገድ የመጣው ሹፌር የገጠሩን ፍጥነት እንደያዘ ወደ ከተማ ይገባል። ለእርሱ ቦታው የሚታለፍ መንገድ ነው፤ ለእኛ ግን ደጃፋችን ነው። ልጆቻችን ወደ መድረሳ የሚሄዱበት፣ አዛውንቶቻችን በጨለማ ለሱብሒ ሰላት የሚሻገሩበት ጀፎረያችን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም እናስታውስ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጉራጌ ተወላጆች ከሱቅ ትርፋቸውና ከጉልበት ሥራቸው ገንዘብ አዋጥተው ማኅበር በማቋቋም አካባቢያቸውን በመንገድ አገናኝተዋል። ያን ያደረጉት ዘመድ ከዘመድ እንዲገናኝ፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት እንዲደርስ ነው። እነርሱ ለመገናኛ ያዋጡበትን መንገድ እኛ ጀናዛ የምንሸከምበት ካደረግነው አማናቸውን በልተናል።

«ፍጥነት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው እንጂ ምን ያመጣል?» ለሚል ሰው ትንሽ ሒሳብ እንሥራለት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰዓት 30 የሚሄደው ደግሞ 8 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌር አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ አንድ ልጅ በ15 ሜትር ርቀት ላይ ኳሱን ተከትሎ አስፋልት ውስጥ ቢገባ፣ በ60 የሚነዳው ሹፌር ፍሬን ከመያዙ በፊት ልጁ ዘንድ ደርሷል። በ30 የሚነዳው ግን ፍሬኑ ደህና ከሆነና አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ ልጁ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ጥፋቱም ያው ጥፋት ነው። አንዱ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል፣ ሌላው ወደ መቃብር ይሄዳል።

ትርፉስ ምን ያህል ነው? ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆን የከተማ መንገድ በ60 በሦስት ደቂቃ፣ በ30 በስድስት ደቂቃ ያልቃል። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ፣ ማለትም ተረጋግቶ ውዱእ ለማድረግ የሚበቃ ጊዜ ነው። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። የፈሰሰው እህል ከሆነ ይለቀማል፤ የልጅ ደም ሲፈስ ግን ምኑ ይለቀማል?

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ደግሞ ቀዳሚው ምክንያት ይኸው እንደሆነ ገልጿል። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የብዙ አገራት ተወካዮችም እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ጥሪ አቅርበዋል።

አደጋ ሲደርስ ከአንደበታችን ቶሎ የሚወጣው «ቀደር ነው» የሚለው ቃል ነው። በቀደር ማመን የኢማናችን መሠረት ነው፤ ይህን ማንም አይነካውም። ነገር ግን ቀደር ለሐዘንተኛው መጽናኛ እንጂ ላጠፋው ሰው መሸሸጊያ አይደለም። ዑመር ኢብን አልኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። ግመሉን አስሮ በአላህ የሚመካ ሰው ተወኩል አለው። ፍሬኑ የላላ መኪና ይዞ ሰፈር ውስጥ የሚበር ሰው ግን ሰበቡን ጥሏል።

ነፍስን በስህተት ያጠፋ ሰው ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ፣ በራሱም ላይ ከፋራ እንዳለበት፣ ባሪያ ነፃ ማውጣት ያልቻለም ሁለት ተከታታይ ወራት እንደሚጾም በሱረቱ ኒሳእ ተደንግጓል። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚም በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ሕጎችን ማክበር ግዴታ እንደሆነ፣ ሹፌርም በመኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ወስኗል። ስለዚህ የትራፊክ ሕግን የምናከብረው ፖሊስ ስላየን ብቻ መሆን የለበትም። ፖሊሱ በሌለበት መታጠፊያ ላይም የሚያይ አላህ አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወንድማችን ሹፌር ሆይ፣ የከተማው የመጀመሪያ ቤት ሲታይህ እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳ። በመስጊድ፣ በትምህርት ቤትና በመናኸሪያ አጠገብ ስታልፍ ቤትህ ያሉት ልጆች ከፊትህ እንደቆሙ አድርገህ ንዳ። በረመዳን ለመግሪብ የምትቻኮል ከሆነ፣ ጥቂት ቴምርና ውሃ አጠገብህ ይኑር፤ ባለህበት ታፈጥራለህ።

ባለንብረት የሆናችሁ ወንድሞቻችን፣ ከባጃጁ ወይም ከሚኒባሱ ሹፌር የምትጠይቁትን የቀን ገቢ መልሳችሁ እዩት። ልጁ ያን ገቢ ለመሙላት መብረር ግድ የሚለው ከሆነ፣ ለሚደርሰው ጉዳት በአላህ ፊት ድርሻ የለንም ማለት አትችሉም። ፍሬንና ጎማ ማሳየትም ለንብረት ብቻ ሳይሆን ለነፍስ ሲባል ነው።

ተሳፋሪዎች፣ «ንዳው» ማለት እናቁም። ያቺ እናት ስትናገር ሁላችንም ደግፈናት ቢሆን ኖሮ ሹፌሩ ይሰማ ነበር። አንድ ድምፅ ልመና ነው፤ የአሥር ሰው ድምፅ ግን ትእዛዝ ነው።

እኛ ነዋሪዎችም ነፃ አይደለንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመንገድ ዳር ለሚቀመጡ ሰዎች ለመንገድ ሐቁን እንዲሰጡ አዘዋል፤ ከሐቁም አንዱ ሌላውን አለማስቸገር ነው። የሱቃችንን ዕቃ እግረኛ መሄጃ ላይ ዘርግተን ልጆች በአስፋልት እንዲሄዱ የምናደርገው እኛ ነን። በጁምዓ ቀን ሞተራችንን መንገድ ዘግተን የምናቆመው፣ በሠርግ ቀን መኪና አሰልፈን እየተሽቀዳደምን ጥሩምባ የምንነፋው እኛው ነን። በየሰፈሩ ድንጋይና አፈር ከምሮ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ማበጀትም ታይቷል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ምልክትና ቀለም የሌለው ጉብታ በሌሊት ሞተረኛን ይጥላል። ጉብታም ሆነ ዜብራ በማዘጋጃ ቤት እውቅና፣ በባለሙያ ልክ ይሠራ። እንቅፋትን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነውና የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ይህን ቢጠይቅ፣ ቢያስፈልግም ገንዘብ ቢያዋጣ፣ ሰደቃ ነው።

የመስጊድ ኢማሞችና የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ ከፍ ያለ ድርሻ አላችሁ። አገራችን የጆካን የመሰለ የእርቅ ሥርዓት ያላት ናት። ሰው ሲሞት ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይወሰናል፣ ደም ይደርቃል። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ደም ከፈሰሰ በኋላ ከሚቀመጥ፣ ሳይፈስ በፊት ከባጃጅና ከሚኒባስ ማኅበራት ጋር፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ቢቀመጥና በየሰፈሩ የሚነዳበትን ልክ ቢስማማ ምን ይጎዳል? በጀፎረ ላይ ማንም አጥሩን እንዳይገፋ ማድረግ የቻለ ሕዝብ በአስፋልቱም ላይ ማንም ፍጥነቱን እንዳይገፋ ማድረግ አያቅተውም።

ውድ አድማጮች፣ ያ በጉን ይጎትት የነበረው ልጅ ዛሬ አድጎ ይሆናል። በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ያከበረው በአንድ ክንድ ርቀት ነው። በሚቀጥለው ዐረፋ እኛም ወደ አገር ቤት እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ። በዚያን ቀን ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ከተማ ገብተናል፣ ቀስ በል» ለማለት ከአሁኑ እንነይት። ዘግይተን ብንገባ ቤተሰቦቻችን በራቸውን ከፍተው ይጠብቁናል።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያግባልን፣ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ በመንገድ አደጋ ለተለዩን ምሕረቱን ይስጥልን፣ ለሐዘንተኞቻቸውም ሶብር ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።