ስለ ንፍሯችንና ስለ ድስታችን

(በአርብ ገበያ ለእድራችን አባላት ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የእድሩ ጸሐፊ «ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ባዘዘኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ንጽሕና ለመናገር ነበር። ስለ እጅ መታጠብና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ግን ከጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችን ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፤ እኔ ብደግመው እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ስለዚህ የምናገረው ባለፈው ኅዳር በአጎቴ ለቅሶ ላይ ስላየሁት ነገር ነው።

አጎቴን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ምርኩዝ ይዞ፣ በእግሩ ጣቶች ብቻ እየረገጠ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ ገበያ ይወጣ የነበረው ሰው ነው። የቀበራችሁትም እናንተ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በሰልስቱ ዕለት ንፍሮውን በሰፌድ ይዤ በድንኳኑ ውስጥ ሳዞር ዓይኔ ከእህሉ ላይ አረፈ። ስንዴ አለበት፣ ባቄላም አለበት፤ ከግማሽ የሚበልጠው ግን ጓያ ነበር። የአጎቴን እግር የወሰደው ደግሞ ጓያ ነው። እኔ ብዙ ዘመን በጤና ረዳትነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ሆኖም ሰፌዱን ይዤ ዞርሁ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። በለቅሶ መካከል ምን ይባላል? ዛሬ ግን ስብሰባ ነውና እናገራለሁ።

አስቀድሜ፣ ማንም እንዳይደነግጥ። በአንድ ቀን ንፍሮ ሰው ሽባ አይሆንም። ወጥ ቤት የነበራችሁ እናቶችም አልበደላችሁም፤ የተገዛላችሁን ቀቀላችሁ። ጓያ ሰውን የሚጥለው ዋና ምግብ ሆኖ በየቀኑ ለሳምንታትና ለወራት ሲበላ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ መቼ እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ሌላው እህል ሲጠፋ ነው። ጓያ ዝናብ ቢያጥር ይችላል፣ በውሃ የጠገበ ዋልካ ላይም ይበቅላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ደግ እህል መሆኑ ነው ክፋቱ። ጤፉና ገብሱ ከድተውን ሲሄዱ እሱ ብቻ አይከዳም።

አጎቴ በ1977 ዓ.ም. ክፉ ቀን ገና ጎረምሳ ነበር። በቤታችን የቀረው እህል ጓያ ብቻ ሆነ፤ ጠዋት ቆሎ፣ ቀን ንፍሮ፣ ማታም ቂጣ፣ ሁሉም ጓያ። አንድ ቀን ማለዳ ከብት ሊያወጣ ተነሥቶ ከደጃፍ ወደቀ። እግሩ እንደ እንጨት ደረቀ። ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው፣ አእምሮው ደኅና፣ እጁም ደኅና። አያቴ «እንፋሎቱ መታው» አለች። ያን ጊዜ ሁሉም የሚያምነው እንደዚያ ነበር፤ የጓያ ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ያገኘው ሰው ሽባ ይሆናል ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ አያቴ ጓያ በተጣደ ቁጥር ልጆቹን ሁሉ ከጎጆው ታስወጣን ነበር። ሲበስል ደግሞ ጠርታ ታበላን ነበር።

በእንፋሎት የሚመጣ በሽታ አይደለም። ሳይንቲስቶች ኦዳፕ የሚሉት መርዝ በፍሬው ውስጥ አለ። ይህ መርዝ በጀርባ አጥንት ውስጥ ወርዶ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል። ከተጎዳ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይበልጥ የሚይዘውም ወንዶች ልጆችንና ጎረምሶችን ነው።

ይህ ነገር የኛ ቤት ብቻ አይደለም። በደምቢያና በፎገራ በ1969 ዓ.ም. አካባቢ ብዙ ሰው ወድቋል፤ በኋላም ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያው አገር ቤት ለቤት ዞረው ሲያጠኑ ከሺህ ሰው ስድስት ያህሉ በዚህ በሽታ ተይዞ አገኙ። ከኛ በምሥራቅ በደላንታና በዳውንት ደግሞ በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ከደረሰው ድርቅ በኋላ ወደ 2000 የሚሆን ሰው ሽባ ሆነ። ፈረንጆችም ቢሆኑ አልዳኑም። ስፔን ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ ተርባ ጓያ በልታ ሰዎቿ ሽባ ሆነዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቫፕኒያርካ በሚባል የእስረኞች ሰፈር አይሁድ እስረኞችን ጓያ ይመግቧቸው ነበርና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብዙዎቹ እግራቸው ተያዘ፤ ነገሩን የደረሰበት ከእስረኞቹ መካከል የነበረ አርተር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነው።

«እንግዲህ ጓያን እንጣለው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። የለም። ባዶ ቤት ላለው ሰው «ጓያ አትብላ» ማለት ቀልድ ነው። አሠራሩን ግን መለወጥ ይቻላል። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ነው፤ የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው። ጓያውን ከክታችሁ፣ ብዙ ውሃ አድርጋችሁ ዘፍዝፉት፤ ውሃው ሙቅ ቢሆን ይሻላል። አሳድራችሁ ውሃውን ድፉት። በአዲስ ውሃ ጣዱት፣ አንድ ጊዜ ሲፈላ ያንንም ውሃ ድፉት፣ ከዚያ በሌላ ውሃ ይብሰል። መርዙ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ብዙው ግን ከውሃው ጋር ይሄዳል። እርግጥ ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ነውና ሁለት ጊዜ መድፋት ለሴቶቻችን ሸክም መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ውሃውን ወንዶቹ ልጆች ይቅዱ! እግሩ የሚያዘው እነሱ ናቸውና።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በደላንታ ባደረጉት ጥናት፣ አደጋው የሚጨምረው ጓያ በቆሎ፣ በንፍሮና ገና እሸቱን ጥሬውን ሲበላ መሆኑን አግኝተዋል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት ወጥ ሲሆን፣ ወይም ገብስና ስንዴን የመሰለ እህል ሲደባለቅበት አደጋው ያንሳል። ልብ በሉ፤ ቆሎና ንፍሮ ውሃው የማይደፋባቸው ናቸው። እሸቱን ደግሞ እረኞች ከማሳው እየቀጠፉ ይበሉታል፤ ልጆቻችሁን ተቆጡልኝ።

ገበያ ስትወጡ ዓይናችሁን ክፈቱ። የጓያ ፍሬ እንደ አተር ድቡልቡል አይደለም፤ ማዕዘን ያለው፣ ትንሽ መጥረቢያ የመሰለ ነው። ከተከካ በኋላ ግን ከሌላው ክክ መለየት ያስቸግራል፤ ሽሮ ከሆነማ ማንም አያውቀውም። ስለዚህ የተፈጨ ሽሮ ከምትገዙ እህሉን ገዝታችሁ አስፈጩ።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልጨምር፤ ድስት ካነሣን አይቀርምና። ደጋችንን ጎርፍ ስለሚያጥበው አፈራችን አዮዲን የለውም። እንቅርት የበዛብን ከዚህ የተነሣ ነው። እንቅርቱ የሚታየው ነው፤ የማይታየው የባሰ ነው፤ እናቲቱ አዮዲን ካጣች የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የቀይ ባሕሩ ጨው ቀረና በአፋር ጨው ተተካ፤ እሱም ብዙ ጊዜ አዮዲን አልነበረበትም። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ አወጣ። ደንቡ ግን ቤታችን ድረስ ገብቶ ድስት አይከድንም። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይበናል። በረንዳ ላይ በተከፈተ ጆንያ ከሚሸጠው በፕላስቲክ የታሸገውን ግዙ፤ ቤት ስትገቡ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው አርቁት፤ ወጡ ውስጥ የምትጨምሩትም ሊወጣ ሲል ይሁን። አብዝታችሁ ግን አትጨምሩ። ደም ብዛት እኛም ዘንድ መጥቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ጎመንን ሳትከትፉት እጠቡት፤ ውሃውንም አትድፉት፤ የጓያው ተቃራኒ ነው። ቡናና ሻይ በምግብ ላይ ወዲያው ሲጠጣ ደም የሚሆነውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል፤ እርጉዝ ያላችሁ ቤት ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። በለቅሶ ቤት ቡና ይዘግይ ብል ግን ሽማግሌዎቹ ከእድሩ ያስወጡኛል፤ እሱን ትቼዋለሁ።

ለሐዘንተኛ ለስላሳ በሳጥን ይዞ መምጣት አዲስ ልማድ ሆኗል። በአንዱ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለ። ስኳር በሽታ ያለባቸው አባሎች በመካከላችን አሉ፤ ተሸፋፍነው ተቀምጠው የተሰጣቸውን ይጠጣሉ፤ እንቢ ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃና ቀጭን ቅራሪ ይበቃናል። ስለ አረቄ ብዙ አልልም፤ ለቅሶ ቤት አረቄ ሲገባ ምን እንደሚከተል ከኔ በላይ ዳኞቹ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ለግዢ ኮሚቴው ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለእድራችን ንፍሮ ጓያ አይገዛ፤ ስንዴ፣ ባቄላና ሽንብራ ይሁን። ሁለተኛው ይበልጣል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎተራው ባዶ የሚሆንበት አባል ስንት እንደሆነ እርስ በርሳችን እናውቃለን። ያ ቤት ጓያውን ብቻውን እንዳይበላ፣ የሚደባልቅበት ገብስ ወይም ስንዴ ከእድሩ ተበድሮ በመኸር ይመልስ። ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች፣ ለእግር ማዋጣት አይከብደንም።

የጓያው ዋጋ ርካሽ መሆኑን አላጣሁትም። ልዩነቱ በየወሩ መዋጮ ላይ ስንት ብር እንደሚጨምር ገንዘብ ያዡ አስልቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያምጣልን። ለብድሩ የመጀመሪያውን አምስት ቁና ገብስ በአጎቴ ስም እኔ አስገባለሁ፤ ሁለቱ ምርኩዞቹም ቤቴ አሉ፤ ለሚያስፈልገው አባል እድሩ ይውሰዳቸው።