ከአሮጌ ጄሪካን የእጅ መታጠቢያ



ለእንግዳ እጅ ማስታጠብ ያባቶቻችን ወግ ነው። ዛሬ የምንለምናችሁ ይኸንኑ ወግ እስከ መጸዳጃው ደጃፍ እንድታደርሱት ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ በየቤቱ ጥግ የተጣለ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን መቼም አይታጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጄሪካኑን በሙቅ ውሀና በሳሙና እጠቡ። ከጎኑ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ በጋለ ሚስማር ብሱና ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ አጥብቃችሁ አስገቡበት፤ ጫፉን በራሱ ክዳን ድፈኑት። ውሀ ሞልታችሁ ከእንጨት ላይ እሰሩት። የጄሪካኑ ክዳን ጥቂት ይላላ፤ አየር ካልገባ ውሀው አይወርድም። ሳሙናውን በአሮጌ ካልሲ ቋጥራችሁ አጠገቡ ስቀሉ፤ ሳሙና ቢጠፋ ንጹሕ አመድ ይሁን። ጭቃ እንዳይሆን ከሥሩ ጠጠር አፍስሱ።

«ይኼ ሁሉ ድካም ለምን?» ትሉ ይሆናል። ዓይነ ምድር የነካ እጅ የልጅን ምግብ ሲነካ ተቅማጥ ያመጣል። ተቅማጥ የጠናበት ሕፃን ደግሞ የሰውነቱ ውሀ ያልቅና ባጭር ጊዜ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከመጸዳጃ ስትመለሱ፣ ልጅ ካጸዳዳችሁ በኋላ፣ ሊጥ ከመንካታችሁና ልጅ ከማጉረሳችሁ በፊት ታጠቡ። የልጆቹንም ፊት በዚያው እጠቡላቸው፤ የዓይን ማዝን ዝንብ ካንዱ ወዳንዱ ታሻግራለችና።

አንድ ነገር ግን አደራ! የተባይ ወይም የአረም መድኀኒት የነበረበትን ዕቃ፣ ምንም ቢታጠብ ለዚህ አታውሉት፤ መርዙ አይለቅም። ማንም እንዳይጠቀምበት ቀዳዱት፤ ከልጆችም አርቁት።

ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን ልጅን ነው።